እናታችን ስትደክም የወንድሜን ነገር ማን ያውቅለታል? (የሚጥል በሽታ እና የአእምሮ እድገት ውስንነት)

ታላቅ እህቱ (አዳማ)

ሰላም ለቤቱ።

ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት። የአእምሮ እድገት ውስንነትም አለበት። ያወራል፣ ግን በአጭር በአጭሩ ነው። ብር መቁጠር አይሆንለትም፤ ማን ጎል እንዳገባ ግን ዓመት ቢያልፍም አይረሳም።

እስከ ዛሬ ሁሉን ነገር የያዘችው እናታችን ናት። አሁን 73 ሞላት፣ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። ባለፈው እሷ ለቅሶ ሄዳ ሳለ ሁለቴ ተከታትሎ ጣለውና ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። ሲነቃ ግራ ይጋባል፣ ክንዱን ከያዙት ደግሞ ይታገላል። እናቴ ብትኖር «ልቀቁት፣ ጋቢ ጣሉበት፣ ዝም በሉ» ትል ነበር፤ በደቂቃዎች ውስጥም ይረጋጋል። እኔ ይህንኑ ብናገር ማን ሰምቶኝ። ሦስት ሰው ተረባረበበት። «ኃይለኛ ነው» ተባለና እጁ በፋሻ ከአልጋው ጋር ታሰረ። ሐኪሙ መድኃኒቱንና መጠኑን ጠየቀኝ። የክትትል ካርዱ ያለው እናቴ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ የእናቴ ስልክ ደግሞ ለቅሶ ቤት ዝግ ነው።

ውጭ አገር እንዲህ ላሉ ሰዎች ቀድሞ የሚጻፍ እቅድ አለ ሲባል እሰማለሁ። ሲታመም ምን ይደረግ፣ ምን አይደረግ፣ ማን ይጠየቅ፣ እየባሰበት ቢሄድስ የሚል። እዚህ የሞከረ አለ? እሱን ራሱን እንዴት ነው የሚጠይቁት? እናቴ «እኔ እያለሁ ምን አስጨነቃችሁ» ብላ ወሬውን ትቆርጠዋለች።

ነርስ ዘጅማ

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ይዞ የመጣ ቤተሰብ ለኛ ወርቅ ነው።

ከትልቁ ነገር አትጀምሩ። መጀመሪያ መድኃኒቱን ጻፉ። «ፌኖባርቢታል ይወስዳል» አይበቃም። ስንት ሚሊግራም፣ በስንት ሰዓት፣ በምን እንደሚውጠው ጭምር ይጻፍ። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ማባሪያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። እሱ ደግሞ ሰው ይገድላል። ስለዚህ «በምንም ምክንያት እንዳይቋረጥ» የምትለዋ መስመር ከላይ ትሁን፣ በቀይ።

ቀጥሎ የእሱ አጣጣል እንዴት እንደሆነ ጻፉ። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ ጊዜ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ከመጣሉ በፊት የሚያሳየው ምልክት አለ? አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ድንገተኛ ነው። አምቡላንስ ጥሩ፣ የቀይ መስቀል 907 ነው። በለመደው ሁኔታ ጥሎት በለመደው ጊዜ ከነቃ ግን በጎኑ አስተኝቶ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ያንንም ጻፉት። እቅድ ማለት ሆስፒታል የማያስፈልግበትንም ቀን ማወቅ ነው። በየጊዜው ወደማያውቀው ግርግር መጎተት ለእንዲህ ዓይነት ሰው ትንሽ ቅጣት አይደለም።

«ማንኪያ አፉ ውስጥ አታስገቡ፣ ክብሪት አታሽትቱ» የሚለውም ይጨመር። ጎረቤት ሁሌም ክብሪቱን ይዞ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

ሌላው፣ ሲያመው እንዴት እንደሚያሳይ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ካላቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ የሚጥል በሽታ አለበት፣ ስለዚህ ብዙ አይቻለሁ። አንድ ወጣት ጉንጩን በቡጢ እየመታ መጣ። «ጠባዩ ነው» ተብሎ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊሰጠው ሲል አንዲት የጥርስ ሐኪም አፉን ከፍታ አየችው። መንጋጋው መግል ቋጥሯል። ወንድምሽ ጥርሱን፣ ሆዱን፣ ራሱን ሲያመው ምን እንደሚያደርግ እናትሽ ታውቃለች። ከእሷ ሌላ የሚያውቅ የለም።

ሁሉን_ለሱ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሟርት ነው። ሰው ሳይሞት የሞቱን ወረቀት ማዘጋጀት ከየት የመጣ ነው? የፈረንጅ ነገር ሁሉ አይጠቅምም። እግዚአብሔር የፈጠረውን እሱ ያውቅበታል።

የደሴዋ እናት

ልጄ፣ እኔ 64 ዓመቴ ነው፣ የ29 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ልክ እንደዚሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አሜን። ግን ጠዋት ክኒኗን የሚሰጣት እኔ ነኝ። ደግሞ እኔን የሚያሳስበኝ መሞቴ አይደለም። ብሞት እድር አለ፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ልጅቷን የሚያያት አይጠፋም። የሚያሳስበኝ ሳልሞት ብተኛ ነው። እግሬ ቢሰበር ያን ሁለት ወር ማን ያውቅላታል? ሰው ሁሉ እኔን ሊጠይቅ ሲመጣ እሷን ማን ያያታል?

ለታላቅ እህቱ፦ እናትሽን «ስትሞቺ» ብለሽ አትጀምሪያት። «ለሁለት ቀን ክፍለ ሀገር ብትሄጂ ምን ላድርግ?» በያት። እኔን እህቴ ልጅ እንደዛ ብላ ነው የጀመረችኝ። ሳላውቀው ግማሹን ነገር አወራሁላት፣ እሷ እየጻፈች።

ታላቅ እህቱ

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይቺ ዘዴ ትሠራለች፣ ዛሬውኑ እሞክራታለሁ።

ለንደን_ኬር

እኔ እንግሊዝ አገር እንዲህ ያሉ ሰዎች በሚኖሩበት ቤት ነው የምሠራው። እዚህ ብዙዎቹ ነዋሪዎች «የሆስፒታል ፓስፖርት» የሚባል ወረቀት አላቸው። ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ እንዴት እንደሚያናግሩት ይዟል። ስለ መወሰን ያለው ሕግ በፈረንጆቹ የ2005 የአእምሮ አቅም ሕግ ይባላል። አይችልም ተብሎ እስኪረጋገጥ ድረስ ማንም አዋቂ መወሰን ይችላል ብሎ ይነሳል። «አይችልም» ቢባል እንኳ ለዚያች ጉዳይ፣ ለዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ቀዶ ሕክምናን መወሰን ያቃተው ሰው አጠገቡ ማን እንዲቀመጥ መምረጥ አያቅተውም።

ነርሷ ያልነካችውን ልጨምር። መዋጥ ሲያቅተውስ? ሁላችንም «እየባሰበት ቢሄድ» እንላለን፣ ለሚጥል በሽታ ግን ጥያቄው በጣም የተወሰነ ነው። በሳንባ ምች ወይም በሌላ ከባድ ሕመም ተኝቶ ክኒን አልወርድ ሲለው የሚጥል መድኃኒቱ በምን ይግባ? በመርፌ? በአፍንጫ ቱቦ? ይህ ቀድሞ ካልታሰበበት ሰውየው በዋናው ሕመም ላይ መንቀጥቀጥ ይጨመርበታል። የመጨረሻ ቀኖቹን በሰላም ማሳለፍ የሚችል ሰው እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። በቱቦ መመገብን በተመለከተም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቱቦውን ነቅሎ ነቅሎ እጁ የታሰረ ሰው አይቻለሁ።

አንድ ነገር ግን እንድትጠነቀቁ። እቅድ ማለት «ተዉት» ማለት አይደለም። በኮሮና ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 2020፣ እዚህ አገር የአእምሮ እድገት ውስንነት ባላቸው አንዳንድ ሰዎች ፋይል ላይ «ልቡ ቢቆም አትቀስቅሱት» የሚል ትእዛዝ ተለጥፎ ተገኘ። ሰውየውም ቤተሰቡም አልተጠየቁም። ጤና መሥሪያ ቤቱ ራሱ በደብዳቤ የአእምሮ እድገት ውስንነት በፍጹም ለዚህ ምክንያት ሊሆን አይችልም ማለት ነበረበት። ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ መኖር እንደሚወድ ይታይ። ኳስ ማየት፣ ቀልድ፣ ስም እየጠራ የሚስቅባቸው ሰዎች፣ ሁሉም ይግባ። አልጋ ላይ ሆኖ ብቻ የሚያየው ሐኪም ይህን አያውቅም።

ተሾመ_ኬ

ያ ሆስፒታል የቱ ነው? ስሙን ጥሪልን እንጂ።

ታላቅ እህቱ

አልጠራም ወንድሜ። የአንድ ቤት ችግር አይደለም።

አንድ ጠበቃ

ከሕግ በኩል ጥቂት ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ስለሆነ።

ወንድምሽ ከ18 ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ እናትሽ «ሞግዚቱ ነኝ» ብትልም በሕግ ዓይን ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለችም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፍርድ መከልከል የሚባል ነገር አለው፣ ከቁጥር 351 ጀምሮ። ዘመድ ያመለክታል፣ ፍርድ ቤቱ አይቶ ይከለክለውና አሳዳሪና ሞግዚት ይሾምለታል። ከዚያ በኋላ እንደ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ነው የሚቆጠረው። ቤት፣ ውርስ፣ ክስ ካለ ሊያስፈልግ ይችላል። ለሕክምና ብላችሁ ብቻ ግን ወደዚያ አትሩጡ፤ ከባድ መሣሪያ ነው። ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 12 ሰውየው እንዲወስን አግዙት ነው የሚለው፣ በቦታው ተተክታችሁ ወስኑለት አይደለም። ሁለቱ ሕጎች ገና አልተስማሙም።

ውክልናን በተመለከተ፦ እናትሽ ለአንቺ የሰጠችሽ ውክልና እሷ ስትሞት አብሮ ይቀራል። «ውክልና አለኝ» ብሎ የተቀመጠ ስንት ሰው ቀብር ማግስት ነው የሚነቃው። ቤት ካላት ኑዛዜ ትጻፍ። ለወንድምሽ የሚደርሰውን ማን እንደሚያስተዳድርለትም በቤተሰብ ተነጋገሩበት። ቤቱን በስሙ አድርጎ መሄድ ብቻውን ጥቅሙን አያስጠብቅለትም።

የምታዘጋጁትን የሕክምና ወረቀት ግን እንደ ውል አትዩት። ሐኪሙን የሚመራ መረጃ ነው። ቀን ይጻፍበት፣ ማን ማን ተገኝቶ እንደተጻፈ ይታወቅ፣ የሚከታተለው ሐኪም ይፈርምበት፣ ቅጂው ከካርዱ ጋር ይቀመጥ።

አባት_ሜሪላንድ

ጠበቃው ያሉት እዚህ አሜሪካም ያው ነው። ልጄ 18 ሲሞላው ሆስፒታሉ «ከእንግዲህ መረጃውን የምንሰጥህ እሱ ሲፈቅድ ነው» አለኝ። ወይ ጉድ፣ ትናንት ዳይፐር የቀየርኩለት ልጅ! አንዳንዱ ሐበሻ ጎረቤት «ቶሎ ጋርዲያንሺፕ (በፍርድ ቤት ሞግዚትነት) አውጣ» ይለኛል። እኛ ያን አላደረግንም። ሜሪላንድ በ2022 ሰውየው ራሱ ረዳቶቹን መርጦ የሚፈርምበት ሕግ አውጥታለች። ልጃችን እኔን ለገንዘብ፣ አክስቱን ለሐኪም መረጠ። እናቱ ትንሽ አዝናለች፣ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

የትምህርት ቤቱ ቅጽ አንድ ገጽ ናት፦ ሲጥለው ምን ይደረግ፣ በስንት ደቂቃ አፍንጫው ውስጥ የሚነፋው መንቀጥቀጥ ማቆሚያ መድኃኒት፣ ሚዳዞላም፣ ይሰጠው፣ ለማን ይደወል። ቦርሳው ውስጥ ናት።

ነርስ ዘጅማ

የአፍንጫው እኛ ጋ ፋርማሲ ውስጥ አይቼው አላውቅም። እኛ ጋ ያለው ዲያዜፓም ነው፣ እሱም ጤና ተቋም ደርሶ በሐኪም የሚሰጥ። ስለዚህ ለኛ እቅድ የመንገዱ ጉዳይ ይገባበታል፦ የማን መኪና፣ ማታ የትኛው ጤና ጣቢያ ክፍት ነው። ሌላም ልጨምር። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶልና አንቲባዮቲኩ ሲፕሮፍሎክሳሲን መጣሉን ሊያባብሱ ይችላሉ፣ ሁለቱም ደግሞ በየቦታው ይታዘዛሉ። «ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ይታወቅ» ብላችሁ ጻፉ።

ራሴም_አለብኝ

እኔ የአእምሮ እድገት ውስንነት የለብኝም፣ የሚጥል በሽታው ግን አለብኝ፣ ከ14 ዓመቴ ጀምሮ። ሁላችሁም ስለ እሱ ታወራላችሁ። አንድ ሰው «እሱስ ምን ይላል?» ብሎ በደንብ አልጠየቀም፣ ከለንደኗ በቀር።

ደግሞ ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረውን ልናገር። የሚጥል በሽታ ካለባቸው አዋቂዎች ከሺህ አንዱ ገደማ በየዓመቱ በድንገት ይሞታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ ብቻውን ተኝቶ ሳለ። በደንብ ላልተቆጣጠሩት፣ ጠቅላላ ሰውነትን ለሚያንቀጠቅጠው ዓይነት ይብሳል። ሐኪሜ ይህን ሲነግረኝ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ግን ክኒን መዝለል አቆምኩ። ቤተሰብም ማወቅ አለበት። ማታ ማን አጠገቡ ይተኛል የሚለው ራሱ የእቅዱ አካል ነው። ከሰል ምድጃ አጠገብ፣ ጉድጓድ አጠገብ፣ ገንዳ ውስጥ ብቻውን አይሁን የሚለውም።

ለንደን_ኬር

ገንዳውን ካነሳህ አይቀር፦ በፈረንጆቹ 2013 ኦክስፎርድ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት፣ የሚጥል በሽታና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት፣ በመንግሥት የሕክምና ማቆያ ብቻውን ሲታጠብ ሰጥሞ ሞተ። እናቱ «እየጣለው ነው መሰለኝ፣ ምላሱን ነክሷል» ብላ ቀድማ ተናግራ ነበር። ጉዳዩን የመረመረው ጁሪ ቸልተኝነት ለሞቱ አስተዋጽኦ አድርጓል ብሎ ወሰነ። እዚህ ሥራ ስንጀምር ይነገረናል። የእናት ቃል ፋይል ውስጥ ካልገባ ፈረቃ ሲቀየር ይጠፋል።

ከሪያድ

እኔ የእህቴን ልጅ መድኃኒት ከዚህ ነው የምልከው። አገር ቤት ሲጠፋ ሰው ስፈልግ ስልክ ላይ ነው የምውለው። ይህን ክር ሳነብ አንድ ነገር መጣብኝ። እኔ ሥራ ብለቅ ወይም ብያዝ መድኃኒቱ ይቆማል ማለት ነው። ሐኪሙ ደግሞ ይህን አያውቅም። «መድኃኒቱ ከየት ይመጣል፣ ካለቀ በምን ይተካ» የሚለውንም ሐኪሙ ቀድሞ ይጻፍላችሁ። በዘመድ ምክር የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን፣ ለምሳሌ ካርባማዜፒንን፣ በሌላ ቀይሮ ማየት አይሆንም።

ዲያቆን ዘ

የጸበልን ነገር ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳ። ብዙ ቤተሰብ ሱባኤ ይገባል፣ እዚያ ሲደርስ ክኒኑ ይቆማል። አጥማቂው «እምነት ካለህ ተወው» ያለው ሊሆን ይችላል። ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ ነውር የለውም፣ ሐኪሙንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። ጾምም እንዲሁ። የጠዋቱ ክኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጠብቅም፤ ለበሽተኛ ሥርዓቱ ያዝንለታል። እቅዱ ላይ «ጸበል ስንሄድም መድኃኒቱ አይቋረጥም» ብላችሁ ጻፉ፣ የንስሐ አባታችሁም ይወቁት። ሁሉን_ለሱ፣ ወንድሜ፣ አንተንም ይመለከታል።

ሁሉን_ለሱ

መድኃኒቱን ተዉ አላልኩም። ያልኩት ስለ ሞት መጻፉን ነው። እሱ ላይ አሁንም አልተስማማሁም።

ታላቅ እህቱ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እስካሁን የደረስንበትን ልንገራችሁ።

እናቴን በደሴዋ እናት ዘዴ ያዝኳት። ቡና እያፈላች «ዝዋይ ደርሰሽ ብትመጪስ» አልኳት። ሁለተኛው ሳይወርድ ደብተሬ ሞላ። ከመጣሉ በፊት ግራ ጆሮውን ይጎትታል፣ ምግብ ያቆማል። ክኒኑን በሙዝ እንጂ በውኃ አይውጥም። ሆዱን ሲያመው «ጫማዬ ጠበበኝ» ይላል። ይህን እኔ አብሬው አድጌ አላውቅም! በዚህ ዓመት ብቻ ስንት ጊዜ ጫማ እንደቀየርንለት።

ከእሱ ጋር ደግሞ የሰዎችን ፎቶ ስልኬ ላይ ደርድሬ ቁጭ አልን። «ሆስፒታል ስትሄድ ከአንተ ጋር ማን ይሁን?» አልኩት። የእኔን ፎቶ አለፈው። የእናቴንም አለፈው። ጋሽ ከድርን ነካ፣ የባለ ሱቁን። እንዳልገባው ጠረጠርኩና ሌላ ቀን ፎቶዎቹን ቀላቅዬ ደገምኩት። አሁንም ጋሽ ከድር። «ለምን?» ስለው «አይጮህም» አለኝ።

«መርፌ ወይስ ክኒን?» ስለው ሳቀብኝ። «ቤት ወይስ ሆስፒታል መተኛት?» ስለው «ቤት፣ ኳስ አለ» አለ። ስለ ቱቦው ግን አልጠየቅኩትም። እንዴት እንደሚጠየቅ አላውቅም። ሐኪሙ ጋ ስንሄድ አብረን እናነሳዋለን፣ እናቴም ትኑር።

ራሴም_አለብኝ

«አይጮህም»። በቃ፣ ይህ ከላይ ይጻፍ።

አንድ ጠበቃ

ጋሽ ከድር ፈቃደኛ ናቸው? ዘመድ ስላልሆኑ ሆስፒታል ውስጥ «ምኑ ነህ?» መባላቸው አይቀርም። ወረቀቱ ላይ እናትሽ በፊርማዋ «ይህ ሰው አብሮት እንዲሆን ልጄ መርጧል፣ እኔም እስማማለሁ» ትበል። ስልካቸውም ይኑርበት። ሐኪሙ ሲፈርም እሳቸውም በአካል ቢገኙ ጥሩ ነው።

የደሴዋ እናት

ለእድራችሁ ዳኛም አንድ ቅጂ ስጡ። የእኛ እድር ጸሐፊ የልጄን ወረቀት ከመዝገቡ ጋር ይዞልኛል። ሌሊትም ቢሆን ቤቱን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ታላቅ እህቱ

እሺ እማማ፣ እሰጣለሁ። ጋሽ ከድር ፈቃደኛ ናቸው። እንዲያውም «ታዲያ ከማን ጋር ሊሄድ ነበር» አሉኝ። ግን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግተው ወደ ወንጂ ይሄዳሉ፣ ዓርብም አይገኙም። ለሌሊቱ ሌላ ሰው መምረጥ አለበት። ፎቶዎቹን እንደገና ልደረድር ነው።